ፊልም ወይስ ዲጂታል? የደባርቅ መልስ

ፎቶ የሚወዱ ሦስት ሰዎች ቡና ላይ ከተገናኙ ይህ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አንዱ «የድሮ ካሜራ ፎቶ ለዛ አለው» ይላል። ሁለተኛው ስለ ሜጋፒክስልና ስለ ሴንሰር ይዘረዝራል። ሦስተኛው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «ይኼስ ምን አነሰው?» ይልና ክርክሩን ያደፈርሰዋል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፤ ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው።

እኔ ሁለቱንም እጠቀማለሁ። እንጀራዬ በዲጂታል ነው፤ ፎቶ የሚያዝዘኝ ሰው «ዛሬ ማታ ላክልኝ» ይላል እንጂ ፊልም ታጥቦ እስኪደርቅ አይታገሥም። ለራሴ ስሆን ግን ብዙ ጊዜ አንገቴ ላይ የሚንጠለጠለው ዜኒት-ኢ የሚባለው የሶቭየት ካሜራ ነው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶቭየት ኅብረት ሄደው ከተመለሱ ሰዎች ሻንጣ ከወጡት አንዱ ነው። ከ3 ሚሊዮን በላይ የተመረተ፣ ከነሌንሱ አንድ ኪሎ የሚጠጋ፣ ሚስማር ቢመቱበት የማይጎዳ የሚመስል ብረት።

ሁለቱን ላወዳድራችሁ ነው። የማወዳደሪያ ሜዳዬ ዳባት፣ ደባርቅና ከዚያ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚያወጣው መንገድ ነው። የምደርስበትን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ በፎቶ ጥራትና በምቾት ዲጂታል በአብዛኛው ያሸንፋል። ፊልም ግን አንድ ነገር ያስገድደን ነበር፤ ያንን ነገር ትተነዋል፤ የተውነውም ነገር እዚህ አገር ሰው ዘንድ ያልተከፈለ ዕዳ ሆኖ ቀርቷል።

የጋቢው ፈተና

ካሜራ ለመፈተን ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ደባርቅ ገበያ መሃል ይቁምላችሁ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ፀሐዩ ከአናት ይወርዳል። ጋቢው ዓይን ይወጋል። የሰውየው ፊት ጠይም ነው፤ በዚያ ላይ የጥምጣሙ ጥላ አርፎበታል። በአንድ ፎቶ ውስጥ የነጭ ነጭና የጥቁር ጥቁር ተጎራብተው ቆመዋል ማለት ነው።

የካሜራ ብርሃን መለኪያ ደግሞ የዋህ ነው። ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ጋቢውን ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ጋቢው ግራጫ፣ ፊቱ ከሰል ሆኖ ይወጣል። ልብሱ ጥርት ብሎ ሲታይ የባለቤቱ መልክ የማይለይበትን ስንት የገጠር ሰው ፎቶ አይታችኋል?

እዚህ ላይ ፊልምና ዲጂታል ጠባያቸው ተቃራኒ ነው። ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ቻይ ነው። ከመለኪያው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ጨምራችሁ ፊቱን ብታበሩለት የጋቢው እጥፋት ኔጋቲቩ ላይ አይጠፋም፤ ሲታተም ይወጣል። ብርሃን ካነሰው ግን ጨለማው ውስጥ ገብታችሁ የምትፈልጉት ነገር የለም። ዲጂታል ሴንሰር ደግሞ ጨለማ ውስጥ ብዙ ይደብቃል፤ በሮው ፋይል የተነሣን የጠቆረ ፊት ኮምፒውተር ላይ ከፍ ብታደርጉት ዓይኑም ሽበቱም ይመጣል። ብርሃን ካለፈበት ግን አለቀ፤ ጋቢው የነበረበት ቦታ ባዶ ወረቀት ነው። ስለዚህ ጀማሪ ሲጠይቀኝ የምለው ይህን ነው፦ በፊልም ስታነሣ ለፊቱ ለካ፤ በዲጂታል ስታነሣ ለጋቢው ለካ።

«የድሮ ፊልም ቀለሙ እውነተኛ ነበር» የሚሉ ወዳጆቼ አንድ ነገር ባይረሱ ጥሩ ነው። ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ እንዲሆን በሚልከው ካርድ ላይ ለአሥርተ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። የእሷ ቆዳ በትክክል ከመጣ ማሽኑ ተስተካክሏል ማለት ነው። የእኛ ቆዳ በዚያ ስሌት ውስጥ አልነበረም። በዚያ ዘመን በአነስተኛ ከተማ ፎቶ ቤት፣ በሁለት አምፖልና በነጭ አቡጀዴ ብርሃን እያንፀባረቁ የጠይም ሰው መልክ ለይተው ያወጡ ባለሙያዎች ፊልሙ የጎደለውን በእጃቸው ይሞሉ ነበር። ምስጋናው ለእነሱ ነው።

ስልክስ? ስልክ በአንድ ጠቅታ ብዙ ፎቶ አንሥቶ የጨለመውንና የበራውን አዋሕዶ ይሰጣችኋል፤ የጋቢውን ፈተና ብዙ ጊዜ ያልፋል። ከዚያ ግን ሳትጠይቁት ፊቱን ያለሰልሰዋል፣ ያፈካዋል። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ግንባር ላይ ያለውን መስመር ያጠፋ መሣሪያ ጥሩ አነሣ አልልም።

የሌንስ ነገር

ዜኒቱ ላይ የሚገጠመው ሌንስ ሄሊዮስ-44 ይባላል፤ 58 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2። ሶቭየቶች ባዮታር የሚባለውን የጀርመኑን የዛይስ ሌንስ መነሻ አድርገው የሠሩት ነው። ሙሉ ለሙሉ ሲከፈት ከሰውየው ጀርባ ያለው ቅጠልና ብርሃን ክብ ሠርቶ የሚሽከረከር ይመስላል። ዛሬ ብዙ ወጣት ይህን መልክ ፍለጋ ነው ሄሊዮስ የሚገዛው። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣበት ግን ይታወራል፤ ፎቶው በወተት የተለቀለቀ ይመስላል። ነጸብራቅ ለመከላከል መስታወቱ ላይ የሚቀባው ሽፋን በአዳዲስ ሌንሶች ላይ እጅግ ተሻሽሏል።

አሁን ትንሽ ሂሳብ። ፎቶ አንሺዎች ለሙሉ ፀሐይ የሚጠቀሙበት ደንብ አለ፦ አይኤስኦ 100 ከሆነ፣ አፐርቸር ኤፍ 16 ላይ፣ ሹተሩ የሰከንድ 1/125 ይሁን። ሄሊዮስን እስከ ኤፍ 2 ለመክፈት ከፈለጋችሁ ስድስት ደረጃ ብርሃን ይጨመራል፤ ያንን ለማካካስ ሹተሩ 1/8000 መድረስ አለበት። የዜኒቱ ሹተር ደግሞ ከ1/500 አያልፍም። ስለዚህ ያ የሚወራለት የሄሊዮስ ውበት ስሜን ላይ በቀትር፣ በራሱ ካሜራ፣ አይገኝም። ማለዳ ፀሐይ ብቅ ስትል ወይም አመሻሽ ላይ መጠበቅ ነው።

ያንኑ ሌንስ በአንዲት ተራ ቀለበት ሚረርለስ በሚባለው ዲጂታል ካሜራዬ ላይ ስገጥመው ግን ሹተሩ 1/8000 ስለሚደርስ በቀትርም ይከፈታል። አሮጌው ሌንስ ነፃነቱን ያገኘው በአዲሱ ካሜራ ላይ ነው። «ወይ ይሄ ወይ ያ» ለሚሉ ሰዎች ይህን ነው የማሳያቸው።

አውሬውም የየራሱን ሌንስ ይጠይቃል። ጭላዳ ሣሩን እየነቀለ ሲበላ ጥቂት ሜትር ድረስ ያስጠጋል፤ ለእሱ 58 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ዋልያ ጨነቅ አካባቢ የሚቆመው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ 300 ሚሊ ሜትር ይዛችሁም «ትንሽ ቀረብ ባለልኝ» ትላላችሁ። አጥንት ከሰማይ ለቆ ድንጋይ ላይ የሚሰብረው አሞራ ከበታቻችሁ ከገደሉ ተነሥቶ ሲያልፍ ደግሞ በእጅ ፎከስ ለማድረግ መሞከር ንፋስን በወንፊት እንደ መያዝ ነው፤ እዚያ ላይ ዘመናዊው አውቶፎከስ ተወዳዳሪ የለውም። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ሳንቃ በርን ሲሸፍን ግን ነገሩ ይገለበጣል። አውቶፎከሱ የሚይዘው መስመር አጥቶ ወዲያና ወዲህ ሲባክን፣ የአሮጌውን ሌንስ ቀለበት እስከ መጨረሻው አዙሮ መጠበቅ ነው፤ ጉሙ ለአንድ አፍታ ሲገለጥ እናንተ ዝግጁ ናችሁ።

ብርድ፣ ውኃና ወጪ

ዜኒት-ኢ ባትሪ አያውቅም። ብርሃን መለኪያው ራሱ ከብርሃን ነው ኃይል የሚያገኘው። ከኅዳር እስከ ጥር ግጭና ጨነቅ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የዲጂታል ካሜራ ባትሪ ማታ ሙሉ የነበረው ጠዋት ግማሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ። መላው ቀላል ነው፤ ባትሪውን አውጥቶ ከሸሚዝ ውስጥ፣ ከገላ አጠገብ ይዞ ማደር። አቧራም ሌላ ጣጣ ነው። በበጋው የፓርኩ መንገድ ላይ ሌንስ ስትቀይሩ ሴንሰር ላይ ያረፈች አንዲት ቅንጣት ከዚያ በኋላ የምታነሡት ሰማይ ላይ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ሆና ትከተላችኋለች። ፊልም ሲጠቀለል ግን አቧራውን ይዞት ይሄዳል፤ ለሚቀጥለው ፎቶ ንጹሕ ፊልም ይቀርባል።

እነዚህ የፊልም ትናንሽ ድሎች ናቸው። ትልቁ ሽንፈቱ ወጪውና ድካሙ ላይ ነው። አንድ ፊልም 36 ፍሬ ነው፤ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የማገኘው። ጥቁርና ነጩን ራሴ አጥባለሁ። ማታ መብራት አጥፍቼ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ውስጥ እጄን ከትቼ ፊልሙን ከማጠቢያ ዕቃው ጥቅል ላይ አዙራለሁ። መድኃኒቱ 20 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ የደባርቅ ውኃ በክረምት ያንን ከየት ያመጣል? በሻይ ማንቆርቆሪያ አሙቆ፣ በቴርሞሜትር ለክቶ፣ ከቀዝቃዛው ጋር ማመጣጠን ነው። የቀለም ፊልም 38 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈልግ አልሞክረውም። ይህን ሁሉ አልፌ ከ36ቱ አምስት ጥሩ ፎቶ ካገኘሁ ደስ ብሎኝ አድራለሁ። በዲጂታል አምስት ጥሩ ፎቶ ለማግኘት 300 ባነሣ የሚጠይቀኝ የለም።

ስለዚህ የሥራ ካሜራ መግዛት የሚፈልግ ወጣት ቢጠይቀኝ ያለ ማመንታት ዲጂታል ግዛ እለዋለሁ። ገንዘብ ከሌለው ደግሞ በስልኩ ይጀምር። ግርማ በርታ የአዲስ አበባን ጎዳና ሰዎች በስልክ አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ድጋፍ ካገኙት ሦስት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ሆኗል። የመሣሪያው ክርክር ለእኔ እዚህ ላይ ያበቃል።

«አየኸው አይደል?»

አማርኛችን ፎቶን በተመለከተ አንድ ቃል አልለቅም ብሎ ይዟል። ዛሬም ሰው ፍላሽ ይዞ ፎቶ ቤት ሄዶ «ይህችን አጥብልኝ» ይላል። የሚታጠብ ፊልም የለም፤ ፎቶው ከኮምፒውተር ወደ ማተሚያ ነው የሚሄደው። ቃሉ ግን የቀረው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ለወላጆቻችን ፎቶ ማለት የታጠበ ነገር ነው፤ በእጅ የሚያዝ፣ አልበም ውስጥ የሚገባ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል። ያልታጠበ ፎቶ ገና ፎቶ አልሆነም።

ፊልም ያስገድደን የነበረው ይህንን ነው። ሳይታጠብ ማንም አያየውም፤ አንሺው ራሱም አያየውም። ስለዚህ ሰውን ያነሣ ሁሉ «ሲታጠብ አመጣልሃለሁ» ብሎ ቃል ይገባ ነበር። አንዳንዱ ቃሉን ይጠብቃል፣ አንዳንዱ ይረሳል፤ ዕዳ መኖሩን ግን ሁለቱም ወገን ያውቃሉ። የተነሣውም ሰው ሲያገኘው «ያቺን ነገር አደረስካት?» ብሎ የመጠየቅ መብት ነበረው።

ዲጂታል ካሜራ ከጀርባው ስክሪን ይዞ መጣ። አሁን እረኛውን እናነሣዋለን፤ ካሜራውን አዙረን እናሳየዋለን፤ ይስቃል፤ ጓደኞቹን ይጠራል፤ «አየኸው አይደል?» ብለን እንሄዳለን። ማየቱ እንደ መስጠት ተቆጠረ። ዕዳው በሦስት ሰከንድ ተከፍሎ ያለቀ መሰለን። ልጁ እጅ ላይ ግን ምንም አልቀረም። በዚህ መንገድ ላይ ከሚያልፈው የካሜራ ብዛት አንጻር የስሜን እረኛ በዓለም ላይ ብዙ ፎቶ ከተነሡ ሕፃናት መካከል ሳይሆን አይቀርም። እቤቱ ግድግዳ ላይ ሂዱና ፈልጉ፤ ምናልባት ለመታወቂያ የተነሣች አንዲት የአባቱ ጉርድ ፎቶ ብታገኙ ነው።

ለቅሶ ቤት

ፎቶ በእርግጥ የሚፈለገው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ለቅሶ የደረሰ ሰው ነው። በእኛ አገር ድሮ የሟቹ ልብስና ጠመንጃ እየታየ ይለቀስ ነበር፤ ዛሬ ፎቶው ተጨምሯል። እናት ደረቷ ላይ አቅፋው ታለቅሳለች፤ ሙሾ አውራጇ እያየችው ታወርዳለች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሶ ብዙ ሰላማዊ ሰው ሲሞት፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት፣ በዚህ አካባቢ የወጣት ፎቶ ማስተለቅ የፎቶ ቤት የዕለት ሥራ ሆኖ ነበር።

የሚመጣው ፎቶ ምን ዓይነት ነው? ስልክ ላይ ያለ፣ ከስልክ ወደ ስልክ በቴሌግራም የተላለፈ፣ ብዙ ጊዜም ከጓደኞቹ ጋር የተነሣው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ስትልኩት ረጅም ጎኑን ወደ 1280 ፒክስል ገደማ ያወርደዋል። ይህ በጥሩ ጥራት ሲታተም 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ውስጥ የአንዱን ልጅ ፊት ብቻ ቆርጣችሁ ስታወጡ 150 ወይም 200 ፒክስል ይቀራል። ያንን ወስዶ ግማሽ ሜትር አድርጉት ማለት አንድ እፍኝ ጤፍ ለሠርግ እንጀራ ይብቃ እንደ ማለት ነው። ባለሙያው የቻለውን ያደርጋል፤ ፊቱን ያለሰልሳል፣ ከሌላ ሰው ፎቶ ላይ ሱፍ ልብስና ከረባት ወስዶ ይገጥምለታል። እናቲቱም ልጇን የሚመስል ሰው አቅፋ ታለቅሳለች።

በአንጻሩ ዳባት ውስጥ በአንድ ቤት ያየሁት የ1960ዎቹ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ባለ ጥምጣም ሰው ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ጥርሱን አላሳየም፤ በዚያ ዘመን ፎቶ ፊት ቀርቦ መሳቅ ቀልድ ነበር። ጫፉን ምስጥ ነክቶታል። የዓይኑ ሽፋሽፍት ግን እስከ ዛሬ ይቆጠራል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስሉ ብር ነው፤ በደንብ ከታጠበ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። የቀለሙ እንኳ እንዲህ አይደለም፤ በ1970ዎቹና 80ዎቹ የተነሡት የብዙዎቻችን የቤተሰብ ፎቶዎች ቀልተው ማርጀታቸውን አልበማችሁን ገልጣችሁ ተመልከቱ። ፊልምም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ፎቶ ቤት ሲዘጋ በቁጥር ተደርድሮ የነበረ የአንድ ከተማ ኔጋቲቭ በጆንያ ተሞልቶ የሚጣልበት አገር ነው የምንኖረው።

«ዲጂታሉን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠው» የሚል ይኖራል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ ጎግል ላይ ያስቀመጠው የአባቱን ፎቶ ለማየት ያልቻለ ሰው እኔ ነኝ የሚል ብዙ ነው። ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከግድግዳው አልወረደም።

ወደ ውጭ የሄደ መልክ

የዚህ አገር ሰው መልኩ ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ በዲጂታል አልተጀመረም። የደጃዝማች ውቤን የልጅ ልጅ አስታውሱ። ልዑል ዓለማየሁ አባቱ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ግን የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት። አባቱ ዘውድ የጫኑት እዚሁ ስሜን፣ ውቤ ባሠሩት ደረስጌ ማርያም ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ሲወድቅ ልጁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በዚያው ዓመት ዋይት ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባለው ስመ ጥር ፎቶ አንሺ አነሣችው። በመስታወት ሰሌዳ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ሳይደርቅ ተነሥቶ፣ ሳይደርቅ መታጠብ ያለበት ሥራ። ልጁ በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ። ፎቶው ግን ከ150 ዓመት በኋላም ያያችኋል፤ የሐዘኑ ክብደት እንኳ አልደበዘዘም። የምታገኙት ግን እንግሊዝ ሙዚየሞች ውስጥ ነው።

በዚያው ዘመቻ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ከዙላ እስከ መቅደላ ያለውን አገር አንሥተው ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ያንኑ ቦታ ፈልገው፣ እዚያው ቆመው፣ እንደገና አነሡት። ሁለቱን ሲያስተያዩ ብዙዎቻችን ከምናምነው በተቃራኒ ተራራው ያኔም የተራቆተ እንደነበር፣ በብዙ ቦታም ዛሬ ዛፉ የተሻለ መሆኑን አገኙ። አንድ በደንብ የተቀመጠ ፎቶ ስንት ዓመት የተደጋገመ ወሬ እንደሚያርም እዩ።

አሁን ወደ ግጭ ልምጣ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተመሠረተ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ፤ ከ1996 ጀምሮ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ነበር፤ ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2017 ነው። ለመውጣቱ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ የነበረው የግጭ መንደር መነሣቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ወርደው ሰፈሩ። መነሣታቸው ልክ ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ቀን፣ ሌላ ጽሑፍ ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ለአሥርተ ዓመታት ወደ ተራራው የወጣ ቱሪስት ሁሉ በግጭ አልፏል፤ ቤቱን፣ ገብሱን፣ ፈረሱን፣ ልጆቹን አንሥቷል። በፊልም ዘመን በስላይድ፣ በኋላም በሚሞሪ ካርድ። ያ መንደር ዛሬ የለም።

ደባርቅ ከሰፈሩት አንድ አዛውንት ጋር ስንጨዋወት ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ የግጭ ፎቶ እርስዎ ዘንድ ይኖራል?»

«እኛን ያላነሣ ፈረንጅ አለ እንዴ የኔ ልጅ? እኔን እንኳ ስንቱ ነው ያነሣኝ። ግን አንድም እጄ ላይ የለም» አሉኝ። ቀጥለውም «ያን ሁሉ የት አደረጉት?» ብለው መልሰው ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። እውነተኛው መልስ ግን ይህ ነው፦ ዙሪክ ውስጥ በአንድ ምድር ቤት ሣጥን፣ ቴል አቪቭ ውስጥ በአንድ የተበላሸ ሃርድ ዲስክ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በእንደኔ ዓይነቱ ሰው ላፕቶፕ። የልጅ ልጆቻቸው ግጭ ምን ይመስል እንደነበር ሊያሳዩ የሚችሉት በአፍ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ወደ ፊልም እንመለስ አልልም። ፊልም ያስገድደን የነበረውን ግን ሳንገደድ ማድረግ እንችላለን።

አንደኛ፣ ሰው ካነሣችሁ አሳጥቡ። ሁሉንም አይደለም፤ ከአንድ ጉዞ አምስት ይበቃል። እኔ ከደባርቅ ጎንደር በወረድሁ ቁጥር ይዤ ወርጄ አሳትማለሁ፤ በገበያ ቀን ለባለቤቶቹ አደርሳለሁ። አድራሻ የለም አትበሉ። ገበያና ቤተ ክርስቲያን እያለ በገጠር የማይገኝ ሰው የለም። ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ስም፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ይገፋል፣ ይደማል።

ሁለተኛ፣ የቤተሰብ ፎቶ በቴሌግራም ስትላላኩ «ፋይል» በሚለው መንገድ ላኩት እንጂ በፎቶነቱ አትላኩት። በፋይል ከላካችሁት አይቀነስም። ይህ ጽሑፍ የሚነበብበት መተግበሪያ ስለሆነ አሁኑኑ ሞክሩት። ምንም ወጪ የለውም፤ አንድ ቀን ግን ከቁጥር በላይ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ አሮጌ ኔጋቲቭ ያላችሁ፣ በተለይ ፎቶ ቤት የነበራችሁ ወይም የወረሳችሁ፣ አትጣሉ። የስልክ ስክሪን ነጭ አድርጋችሁ አብሩ፤ ኔጋቲቩን ከላዩ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ በሌላ ስልክ ከላይ አንሡት፤ ከዚያ በማንኛውም ፎቶ ማስተካከያ ቀለሙን ገልብጡት። የአያቶቻችሁ ፊት ብቅ ይላል። ኔጋቲቩን በደረቅ ቦታ መልሳችሁ አስቀምጡ፤ ከቅጂው እሱ ይበልጣል።

አራተኛውና የመጨረሻው ልመና ነው። ከ2008 ዓ.ም. በፊት ግጭን ያነሣችሁ፣ አስጎብኚ ሆናችሁ የሠራችሁ፣ ተማሪ ሆናችሁ የወጣችሁ፣ ወይም አንድ ቱሪስት የላከላችሁ ፎቶ ያላችሁ ሰዎች በዚህ ቻናል መልእክት መቀበያ አድርሱኝ። ፊልም ይሁን ዲጂታል፣ በዜኒት ይሁን በስልክ የተነሣ፣ ደብዛዛም ቢሆን አይመረጥም። አሳትሜ ደባርቅ ላሉት ባለቤቶቹ አደርሳለሁ። በፋይል መላክ ብቻ አትርሱ።